የባል ዕዳና የጋራ ቤት፦ ጠበቃ፣ ባንክ ወይስ ሽማግሌ? ጥቆማ ለምትፈልጉ

ከቦሌ አራብሳ

ሰላም ወገኖች። ባለቤቴ የግንባታ ዕቃ መሸጫ አለው። ብረትና ሲሚንቶ በዱቤ ያወጡ ሥራ ተቋራጮች ገንዘቡን ሳይከፍሉት ቀሩና አሁን ለአከፋፋዮችም፣ ለባንክም፣ ለአንድ ግለሰብም ዕዳ አለበት። ኮንዶሚኒየሙ የደረሰን ከተጋባን በኋላ ነው፤ የተመዘገበው በእሱ ስም ሲሆን የንግድ ባንክን ብድር ገና እየከፈልን ነው። «እኔ ከከሰርኩ ቤቱም ይሄዳል» እያለ ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል። እኔ የግል ትምህርት ቤት መምህርት ነኝ። ደመወዜስ ይያዛል? ገንዘቤን ለጠበቃ ላውጣ፣ ነፃ የሕግ ድጋፍ ልሂድ ወይስ ዕዳውን ጠቅልሎ የሚከፍልልን አበዳሪ ልፈልግ? የምታውቁትን ጠቁሙኝ።

ከየካ አባዶ

እህቴ፣ ዕድሜዬ ይፈቅድልኛልና አንቺ እልሻለሁ። በባንክ የብድር ክፍል ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ እንጂ ጠበቃ አይደለሁም። የምነግርሽ ከአበዳሪው ወገን ተቀምጬ ያየሁትን ነው።

ለማንም አንድ ብር ሳትከፍሉ ዕዳዎቹን በሙሉ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉ። በእያንዳንዱ ዕዳ ፊት ማን እንደ ፈረመ፣ ምን በመያዣነት እንደ ተሰጠና ብሩ ለምን እንደ ዋለ አስፍሩ። ይህ ወረቀት ከሌለ ጥሩ ጠበቃም ቢሆን ሰዓትሽን በጥያቄ ይጨርሰዋል፤ ሰዓቱን የምትከፍይው ደግሞ አንቺ ነሽ።

ስለ መክሰር በኢንተርኔት ያነበብሽው አብዛኛው የሌላ አገር ይመስለኛል። እንግሊዝ አገር የከሰረ ሰው በአብዛኛው ከ12 ወር በኋላ ከዕዳው ነፃ ይባላል፤ በቤቱ ላይ ግን ንብረቱን የሚያጣራው ሰው እስከ 3 ዓመት ጊዜ አለው። ያንን አንብበሽ አትደንግጪ፤ አንብበሽም አትጽናኚ። በእኛ አገር ፍርድ ቤት የኪሳራ ውሳኔ የሚሰጠው በነጋዴና በንግድ ማኅበር ላይ ነው። አሁን የሚሠራበት ሕግ በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ ነው። ባለቤትሽ ነጋዴ ስለሆነ ይመለከተዋል፤ አንቺ የደመወዝ ሠራተኛ ነሽና «ከሰረች» ብሎ የሚወስንብሽ ፍርድ ቤት የለም። በዚያው ሕግ ውስጥ ከመክሰር በፊት ከአበዳሪዎች ጋር ተስማምቶ ንግዱን መልሶ የማደራጀት ሥርዓትም አለ። ጠበቃ ስታገኙ መጀመሪያ ስለዚህ ጠይቁት።

ወደ ቤቱ ልምጣ። በእሱ ስም መመዝገቡ አያስጨንቅሽ። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ አንቀጽ 63 መሠረት የተጋቢዎች ንብረት በአንዳቸው ስም ቢመዘገብም የአንዱ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው። ስለዚህ ያለ አንቺ ፈቃድ ሊሸጠውም ሆነ በመያዣ ሊሰጠው አይገባም። የጋራ መሆኑ ግን ለአበዳሪም ያገለግላል። አንቀጽ 70 እንደሚለው የአንዱ ተጋቢ ዕዳ በቅድሚያ ከራሱ የግል ንብረት ይከፈላል፤ የግል ንብረት ከሌለው ከጋራው ይከፈላል። ዕዳው ለትዳሩ ጥቅም የተገባ ከሆነ ደግሞ የሁለታችሁም የአንድነትና የነጠላ ዕዳ፣ ማለትም አበዳሪው ሙሉውን ከፈለገው ከአንዳችሁ ሊጠይቅ የሚችለው ዕዳ፣ ስለሚሆን የአንቺ የግል ንብረትም አይተርፍም። «ብሩ ለምን ዋለ» የሚለውን ጻፉ ያልኩት ለዚህ ነው። ለልጆች ቀለብ የተበደራችሁትና ለጓደኛ ዋስ ሆኖ የመጣበት ዕዳ በዳኛ ፊት አንድ ዓይነት አይደሉም።

አንቀጽ 68ን ደግሞ ራስሽ አንብቢው። ከ500 ብር በላይ መበደር፣ ማበደር ወይም ለሌላ ሰው ዕዳ ዋስ መሆን የሁለቱን ተጋቢዎች ስምምነት ይጠይቃል። መጠኑ በ1992 የተጻፈ ስለሆነ ዛሬ ሲያነቡት ፈገግ ያሰኛል፤ ነገር ግን ባሎች በየቢሮው ሲፈርሙ የኖሩት ይህን ሳያውቁ ነው። አንቺ ሳትስማሚ የተፈረመ ውል ካለ፣ እንዲፈርስ ፍርድ ቤት መጠየቅ የምትችይው ካወቅሽበት ቀን አንሥቶ በ6 ወር ውስጥ ነው፤ ባታውቂ እንኳን ውሉ ከተደረገ 2 ዓመት ካለፈ በኋላ አይሆንም። ከሌላው ሁሉ በፊት እነዚህን ቀኖች ቁጠሪ። የአዋጁን ቅጂ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ድርጅት ከሚሸጡት ነጋሪት ጋዜጦች መካከል ታገኚዋለሽ። በዚህ ጉዳይ ከምታወጪው ገንዘብ ሁሉ ርካሹና ጠቃሚው እሱ ነው።

ደመወዝሽን በተመለከተ፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው በጠቅላላው ከወር ደመወዝ ከሲሶው ሊበልጥ አይችልም። ሙሉ ደመወዝ እንይዛለን የሚልሽ ካለ የሚያስፈራራ ሰው ነው።

አሁን ወደ ጠየቅሽው ምርጫ። የግል ጠበቃ ያስፈልጋችኋል፤ ነገር ግን ከመጀመሪያው ቀን ጉዳዩን በሙሉ አታስይዙት። ተቀምጦ ለመመካከር የሚከፈለውና ለማስከራከር የሚከፈለው በጣም ይለያያል። በልደታ ፍርድ ቤት ዙሪያ ቢሮ ያላቸው ብዙ ናቸውና ሁለት ሦስቱን አነጋግሩ፤ የጥብቅና ፈቃዱንም ለማየት አትፈሩ። እኔ ብሆን የምጠይቀው «የአፈጻጸም መቃወሚያ አቅርበህ ታውቃለህ?» ብዬ ነው። የጋራ ቤት በባል ዕዳ በፍርድ ቤት ሲያዝ ሚስት የምትገባበት በር እሱ ነው፤ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 418 ላይ ይገኛል። ጥያቄውን ሰምቶ ዓይኑን ካቁለጨለጨ አመስግነሽ ውጪ።

ነፃውን አገልግሎት ሰዎች ይንቁታል፤ ያለ አግባብ ነው። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል፤ የጋራ ንብረት ጥያቄ ከሥራው ዋና ዋናው ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም የነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሉት። የአንቺን ድርሻ፣ ማለትም የቤቱንና ያልፈረምሽባቸውን ውሎች ጉዳይ፣ ወደ እነሱ ውሰጂ። የባለቤትሽን የባንክና የቼክ ጉዳይ ግን በንግድ ሕግ ለሚሠራ ጠበቃ ስጡ። እንዲያውም ሁለታችሁ በተለያየ ሰው መመከራችሁ ጥሩ ነው፤ ብትዋደዱም የእሱ ጥቅምና የአንቺ ጥቅም በአንድ ወረቀት ላይ ሁልጊዜ አይገጥሙም።

በፍርድ ቤት አጥር ሥር «ጉዳይ እናስፈጽማለን» ለሚሉት አንድ ሳንቲም አልሰጥም።

ከሁሉም በላይ የምመክርሽ አገልግሎት ግን የማይከፈልበት ነው፦ ባንኩ ሳይጠራችሁ ባንኩ ዘንድ መሄድ። ሰው ሁሉ ፍርድ ቤትን ይፈራል፤ እኔ ግን ከዚያ በላይ የምፈራው አዋጅ ቁጥር 97/1990ን ነው። በእሱ መሠረት ባንክ በመያዣ የያዘውን ቤት ለመሸጥ ፍርድ ቤት መሄድ አያስፈልገውም። ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጥና በጨረታ ይሸጣል። ያንን ማስታወቂያ በጋዜጣ ላይ ከጎረቤት ቀድሞ የሚያይ ዘመድ አይጠፋም። ክፍያው 90 ቀን ካለፈው ብድሩ ከተበላሹ ብድሮች ተርታ ይመደባል፤ ከዚያ ወዲህ የብድር ሠራተኛው እጅ ይታሰራል። ከዚያ በፊት የመጣ ደንበኛ ግን የመክፈያ ጊዜ እንዲራዘምለት ወይም ብድሩ እንዲሸጋሸግለት ሲጠይቅ ሰሚ ያገኛል። የሱቁን መዝገብ፣ ያልከፈሏችሁን ተቋራጮች ስምና የተፈራረማችሁባቸውን ደረሰኞች ይዛችሁ ሂዱ። ባንክ እንባ አይመዝንም፤ ሊሰበሰብ የሚችል ዱቤ ግን ይመዝናል።

የኮንዶሚኒየሙን ብድርና የሱቁን ብድር አታደባልቁ። እጃችሁ ላይ ያለው ለሁሉም የማይበቃ ከሆነ ቤቱ የተያዘበትን አስቀድሙ። አንድ ነገር ሳልረሳ፦ «ቤቱን በመያዣ ጨምሩና ጊዜ እንስጣችሁ» የሚል ሐሳብ ከየትኛውም አበዳሪ ቢመጣ፣ ያንቺ ፊርማ ያስፈልጋልና ሳትማከሪ አትፈርሚ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ያለሽ ትልቁ ጉልበት ያልፈረምሽው ፊርማ ነው።

ዕዳን በሌላ ዕዳ ስለ መጠቅለል ደግሞ ባጭሩ። የትምህርት ቤታችሁ ገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ካለ ከሁሉም ይሻላል፤ ወለዱም ቁጥጥሩም ሰው ሰው ይሸታል። ሆኖም ባልደረቦችሽን ዋስ እንደምታደርጊ አትርሺ። የቴሌብር አነስተኛ ብድሮች፣ መላና እንደኪሴ፣ ለወር መጨረሻ ጉድለት ናቸው፤ ለዚህ አይሆኑም። የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ ሚቹ የተባለውን ብድር ያለ መያዣ ለአነስተኛ ነጋዴ መስጠቱ መልካም ነው፤ ግን ለሚንቀሳቀስ ሱቅ ነው እንጂ ለቆመ ሱቅ አይደለም። የአራጣ ነገር አይነሣ። ያ ግለሰብ አበዳሪ ምን ያህል ወለድ እንደሚያስከፍላችሁ ተመልከቱ፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ለብድር በውል ሊወሰን የሚችለው ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ አይበልጥም። ከዚያ በላይ የሚጠይቅ ሰው ፍርድ ቤት ለመሄድ ከእናንተ ይልቅ እሱ ይፈራል።

ለአከፋፋዮቹ ቼክ ሰጥቶ ከሆነ ግን ዛሬውኑ ጠበቃ ያዙ። ደረቅ ቼክ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 ያስከስሳል።

ከለገጣፎ

የጋሼ ምክር በጣም ጥሩ ነው፤ ሁለት ነገር ልጨምር። ቤታችሁ እንደ እኛ በሸገር ከተማ ውስጥ ለሆነ ሰዎች፣ የሚሠራው የፌዴራሉ ሳይሆን የኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 69/1995፣ ነው። የፍርድ ቤቱ የሥራ ቋንቋም አፋን ኦሮሞ ስለሆነ በዚያ የሚሠራ ጠበቃ ፈልጉ። ከመገናኛ የታክሲ ርቀት ላይ ብንሆንም ፍርድ ቤታችን ሌላ ነው።

ሁለተኛው፣ ከጠበቃ በፊት ሽማግሌ እላለሁ። ወንድሜ ከአንድ ብረት አከፋፋይ ጋር የነበረበትን የዕዳ ጉዳይ የጨረሰው በሽማግሌ ነው። አከፋፋዩ ወለዱን ትቶ ዋናውን በየወሩ ለመቀበል ተስማማ። ጠበቃ ቢገባበት ኖሮ እስከ ዛሬ ቀጠሮ ላይ ነበሩ።

ከየካ አባዶ

ለአከፋፋዮቹ በሽማግሌው እስማማለሁ፤ ነጋዴ ከነጋዴ ነገ ይፈላለጋል። ለባንክ ግን ሽማግሌ አይላክም። ስምምነቱም በቃል አይቅር፤ ጻፉት፣ ምስክር ያስፈርሙበት፣ እያንዳንዱ ክፍያ በባንክ ይሂድ። «ቀሪ ዕዳ የለብንም» የሚል ወረቀት ሳይዙ የመጨረሻውን ብር አይስጡ።

ከቦሌ አራብሳ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ። ቁጭ ብለን ጻፍነው፤ ሌሊትም ትንሽ ተኛ። የባለቤቴ ወንድም «ለማስመሰል ተፋቱና ቤቱን በእሷ ስም አድርጉት» ይላል። እርስዎ ምን ይላሉ? ደግሞ አንድ ያላወቅሁት ወረቀት ወጣ፤ ለጓደኛው ዋስ ሆኖ ፈርሟል። በወረቀቱ ላይ «ለሚመጣበት ዕዳ ሁሉ ዋስ ነኝ» ይላል እንጂ የብር መጠን የለውም።

ከየካ አባዶ

የማስመሰሉን ፍቺ ተዉት። ባለዕዳ አበዳሪዎቹን ለመጉዳት ያደረገውን ውል አበዳሪዎቹ መቃወም እንደሚችሉ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1995 ይናገራል። ቤቱ ሳይድን እውነተኛ የሆነውን የአንቺን ድርሻም ዳኛው በጥርጣሬ እንዲያየው ታደርጊያለሽ። አማችሽ ለቤተሰቡ አስቦ ነው፤ በጨዋነት እንቢ በይው።

የዋስትናው ወረቀት ግን ደስ የሚል ነገር ይዟል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1922 መሠረት ዋስትና በግልጽ መሰጠት አለበት፤ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ካልተጻፈበትም አይጸናም። በዚያ ላይ አንቺ አልተስማማሽበትም፤ ያወቅሽው ደግሞ አሁን ነው። ስለዚህ ከተፈረመ 2 ዓመት ካላለፈው ሁለት መከራከሪያ አላችሁ፤ የ6 ወሩም ቆጠራ ጀምሯል። ወረቀቱን ያገኘሽበትን ቀን ጻፊ፣ ፎቶ ኮፒ አድርጊው፣ ዋናውን ለማንም እንዳትሰጪ። ባለቤትሽም ለጓደኛው ላበደረው ወገን «ትንሽ ታገሡኝ፣ እከፍላለሁ» ብሎ በስልክ መልእክትም ሆነ በደብዳቤ አንድ መስመር እንዳይጽፍ አደራ፤ መጀመሪያ ጠበቃው ወረቀቱን ይየው።