አንድ ጥለት ያልለበሰ ዘመድ ፎቶ ያበላሻል?

የቤት ልጅ፦ ጠዋት አንድ ፎቶ ቤት ለአዲስ ዓመት የለጠፈውን ማስታወቂያ አንብቤ እስካሁን ንዴቴ አልበረደም። ስለ ትልልቅ የቤተሰብ ፎቶ ነው። «ከመካከላችሁ አንድ ሰው እንኳ የተለየ ጥለት ከለበሰ ፎቶውን ያበላሻል» ይላል። ያበላሻል! የገዛ ዘመዴ! የእኛ ቤት ግሩፕ ላይ ወዲያው ተጋራ። አሜሪካ ያሉት እህቶቼ ዲዛይን መረጡ፣ ልብስ ሰፊ አነጋገሩ፣ ዋጋ ቆረጡ። እኛ አገር ቤት ያለነው የተነገረን የመክፈያው ቀን ብቻ ነው፤ እስከ ነሐሴ 15። ሠላሳ ምናምን ሰው ነን። አቅም አላችሁ ወይ ያለ የለም። እናንተ ቤትስ እንዴት ነው?

የሲልቨር ስፕሪንግ አክስት፦ ወንድሜ፣ የእህቶችህን ልብ እኔ አውቀዋለሁ። እኔም አሜሪካ ነው ያለሁት፤ ስንት ዓመት ጠብቀን ነው የምንመጣው። እናት በሕይወት እያለች፣ ሁሉም ተሰብስቦ፣ አንድ ጥሩ ፎቶ ሳሎን ላይ ለመስቀል ነው። አንዱ የኳስ ማልያ፣ አንዱ የተቀደደ ጂንስ ለብሶ ከሚመጣ ለአንድ ቀን አንድ ብንመስል ምን ያስከፋል? ለሠርግ ሚዜዎች አንድ ዓይነት ሲለብሱ ማን አኮረፈ?

አራት ልጆች አሉኝ፦ እትዬ፣ ሚዜ ብቻውን ነው የሚለብሰው። እኔ ስድስት ሰው ላለብስ ነው። መስከረም ማለት ደግሞ ምዝገባ፣ ዩኒፎርም፣ ደብተር፣ ጫማ ማለት ነው። ከዚያ ዶሮው አለ፣ ቅቤው አለ። የልጅ የሐበሻ ልብስ በዓመቱ ቁርጭምጭሚት ላይ ይቀራል። ለአንድ ፎቶ!

ካሜራማን ነኝ፦ የማስታወቂያው አጻጻፍ ጥሩ አይደለም። ነገሩ ግን ከመሬት የተነሳ አይደለም። ሠላሳ ሰው ባንድ ላይ ስታቆም እያንዳንዱ ፊት ትንሽ ይሆናል። መሐል ላይ ትልቅ ጽሑፍ ያለበት ቀይ ቲሸርት ከገባ ዓይን እሱ ላይ ይቀራል፤ አያቲቱ አይታዩም። ደቃቅ መስመር ያለው ሸሚዝ ደግሞ በካሜራ ሲወጣ መስመሩ ተዛብቶ ሞገድ ሞገድ ይመስላል። አንድ ዓይነት ይሁን የምንለው ለዚህ ነው።

የቤት ልጅ፦ ቀይ ቲሸርትና የተለየ ጥለት አንድ ናቸው? ማስታወቂያው እኮ ስለ ቲሸርት አላወራም። አክስቴ የራሷን አረንጓዴ ጥለት ለብሳ ብትመጣ «ታበላሻለች» ነው ያለው።

ካሜራማን ነኝ፦ እሱን እኔ አላልኩም።

የቤት ልጅ፦ ታዲያ አያበላሽም በለና! አንዴ!

ካሜራማን ነኝ፦ እንደ ቀለሙ ነው።

አራት ልጆች አሉኝ፦ 😂 እንደ ቀለሙ ያበላሻል።

ሽሮ ሜዳ ያደገ፦ ኧረ ቆይ፣ «ዲዛይን መረጡ» የተባለው ምንድነው? የተሸመነ ነው ወይስ ያ ጥለቱ የታተመበት ሽፎን? ሽፎን ከሆነ አንድ ዓይነት ቢሆን ምን ይገርማል፤ ማሽን ነው ያወጣው። ሸማኔ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን አስገብቶ መወርወሪያ የሚወረውረው፣ ጥለቱን በጣቱ ክር በክር የሚያስገባው ለዚህ አልነበረም።

የሲልቨር ስፕሪንግ አክስት፦ ሽፎን ይቀላል፣ አይጨማደድም፣ ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይይዝም። የእጅ ሥራውን እኮ ጠልተን አይደለም።

ሽሮ ሜዳ ያደገ፦ አልጠላችሁትም፣ ግን አትገዙትም። ሽሮ ሜዳን የባህል ልብስ ሰፈር ያደረጉት ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜ የመጡ ሸማኔዎች ናቸው። ቤተሰብ አንድ እናድርግ ትላላችሁ፣ የእነሱን ቤተሰብ ሥራ ፈት ታደርጋላችሁ።

አራት ልጆች አሉኝ፦ አንተም አታካብድ። እኔ ሽፎኑንም አልቻልኩም፣ የእጅ ሥራ ስድስት ሰው ላልብስ ነው?

ጥቁር የለበሰች፦ ባለቤቴ ያረፈው ኅዳር ላይ ነው። ሙት ዓመቱ ገና ነው። የባለቤቴ ቤተሰብ ለአዲስ ዓመት ሰብሰብ ብለን ፎቶ እንነሣለን፣ ነጭ በቀይ ጥለት ነው ሲሉኝ፣ ጥቁሬን አላወልቅም አልኩ። እሺ፣ ግድ የለም አሉ። ማታ አማቼ ደወለ። «ፎቶው ከወጣ በኋላ በኮምፒውተር ነጭ እናደርግልሻለን» አለኝ። እኔም ከኋላ ቆሜ እንዳልታይ እለምናለሁ አልኩት። ይኸው ነው። እናንተ ቀጥሉ።

የሲልቨር ስፕሪንግ አክስት፦ ነፍስ ይማር እህቴ። እግዜር ያጽናሽ። ይሄ ግን ሌላ ነው፣ ለሐዘንተኛ ማንም አያስገድድም።

የቤት ልጅ፦ አስገደዱ እኮ! አሁን አልተነገረንም? ይሄው ነው «ያበላሻል» ማለት። ዛሬ ጥለት፣ ነገ ሐዘን።

የወሎ ልጅ፦ ነፍስ ይማር። ካሜራማን፣ አንተ እንዲህ ተጠይቀህ ታውቃለህ? የልብስ ቀለም ቀይር ተብለህ?

ካሜራማን ነኝ፦ ተጠይቄ አውቃለሁ። ሠርቼም አውቃለሁ። ደንበኛ ነው፣ ይከፍላል።

ሽሮ ሜዳ ያደገ፦ ሐዘንን በኤዲት። ጉድ ነው።

የወሎ ልጅ፦ ስለ ጥለት ካነሳችሁ አይቀር፣ ባለፈው ዓመት እኛ ቤት የሆነውን ላውራ። ፎቶ አንሺው ልጅ ጥለቱ በደንብ ይታይ ብሎ የሴቶቹን ነጠላ በሙሉ አስገለበጠ፤ ጥለቱ ወደ ላይ፣ አንገት ሥር። ሁሉም እሺ ብለው ቆሙ። አያቴ ከወንበሯ ቀና ብላ አየቻቸውና «ማን ሞተ?» አለች። እንደ ለቀስተኛ አልብሷቸው!

አራት ልጆች አሉኝ፦ 😂😂 የዘመኑ ካሜራማን።

ካሜራማን ነኝ፦ እኔ አይደለሁም 😂

የወሎ ልጅ፦ ለማንኛውም እኛ ቤት ግማሹ ሙስሊም ግማሹ ክርስቲያን ነው። አንድ ጥለት ብትል ገና ከጅምሩ አያስኬድም። ቀለም ብቻ ተባባልን፤ ነጭ፣ ክሬም፣ ትንሽ አረንጓዴ። አክስቶቼ በሒጃባቸው፣ አያቴ በድሮ ነጠላዋ፣ ልጆቹ ሳጥን ውስጥ ባለው ሸሚዝ። አዲስ የገዛ ሦስት ሰው ቢሆን ነው። አሁን ፎቶውን ያየ ሁሉ የት አሰፋችሁት ይለናል።

የሲልቨር ስፕሪንግ አክስት፦ እሱ ጥሩ ነው። ግን «ትንሽ አረንጓዴ» ስትላቸው አንዱ የሰናፍጭ ቀለም፣ አንዱ የወታደር ልብስ ይዞ ይመጣል። እኔ አውቃቸዋለሁ ወንድሞቼን።

ከሪያድ፦ እኔ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ባለፈው ፋሲካ የእናቴን፣ የእህቶቼን፣ የልጆቻቸውን ልብስ እኔ ነኝ የላክሁት፤ አንድ ዓይነት እንዲሆን የፈለግሁትም እኔ ነኝ። ፎቶው ሲደርሰኝ ማታ ሥራ ጨርሼ ስንት ጊዜ እንዳየሁት። ልጆቹ ተሰልፈው፣ ሁሉም አንድ ጥለት። ስለዚህ የሚለብሱትን ሁሉ ትዕቢተኛ አታድርጓቸው። አንዳንዱ አንድ ዓይነት ልብስ ከሩቅ የተላከ ነው።

አራት ልጆች አሉኝ፦ እህቴ፣ አንቺን ማን ይናገርሻል። አንቺ ከፍለሻል። የኛ ጥያቄ ሳይከፍሉ የሚያዙት ናቸው።

ከሪያድ፦ ልክ ነው። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፎቶው በወጣ በሳምንቱ የአጎቴ ሚስት ደወለች። ለእኛ ልጆችስ ለምን አልላክሽም ብላ።

የቤት ልጅ፦ አየሽ!

ከሪያድ፦ አየሁ። ለመስቀል ልኬላቸዋለሁ።

ሽሮ ሜዳ ያደገ፦ ድሮ ፎቶ ቤት የተነሡትን የቤተሰብ ፎቶዎች አይታችሁ አታውቁም? አባት ካፖርት፣ እናት ነጠላ፣ ትልቁ ልጅ የተዋሰው ኮት እጁን ውጦት፣ ትንሿ በአንድ ካልሲ። ማንም ከማንም አይገጥምም። ዛሬ ግን እነዚያን ነው ሁሉም ፕሮፋይል የሚያደርገው።

የሲልቨር ስፕሪንግ አክስት፦ እነዚያ ጥቁርና ነጭ ናቸው ጋሼ። ቀለም ቢኖራቸው ያኔም እንጣላ ነበር።

ካሜራማን ነኝ፦ ይሄ አባባል ተመቸኝ። አንድ ነገር ልጨምር፤ ሠላሳውም ሰው ንጹሕ ነጭ ለብሶ ቀትር ፀሐይ ላይ ከቆመ ፎቶው ላይ ልብሱ በብርሃን ነጭ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ፈትሉም ጥለቱም አይታይም። ብሩን ለጥለት አውጥታችሁ ጥለቱ የለም። ጠዋት በጊዜ ተነሡ፣ ወይም ሰማዩ ደመና ሲሆን። መስከረም 1 ደግሞ ጭቃ አለ። ረጅም ነጭ ቀሚስ ግቢ ውስጥ ሲጎተት አስቡት።

የቤት ልጅ፦ ስለ ጭቃው እናመሰግናለን። «ያበላሻል» የሚለውን ግን እስካሁን አልመለስክም።

ካሜራማን ነኝ፦ አንተ ልጅ ለቀቅ አድርገኝ! ጭቃ ያበላሻል። ፀሐይ ያበላሻል። የሚያኮርፍ ሰው ያበላሻል። አሁን ደስ አለህ?

የቤት ልጅ፦ የሚያኮርፈውማ እኔ ነኝ። ስለዚህ ማስታወቂያው ስለ እኔ ነው የተጻፈው።

የሲልቨር ስፕሪንግ አክስት፦ ወንድሜ፣ ስንት ነው የጎደለህ? በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ ለእናትህ ስል እሞላልሃለሁ።

የቤት ልጅ፦ ጎደለኝ ብያለሁ? የት ቦታ ላይ ነው ጎደለኝ ያልኩት? ይሄ ነው እኮ ችግሩ። አንድ ሰው አልፈልግም ሲል ወዲያው ድሃ ነው!

የሲልቨር ስፕሪንግ አክስት፦ «አቅም አላችሁ ወይ ያለ የለም» ያልከው አንተ አይደለህም እንዴ? ይኸው ጠየቅሁህ።

አራት ልጆች አሉኝ፦ እትዬ፣ እሱ ካልፈለገ እኔ ውስጥ መስመር ልምጣ? 😂

የቤት ልጅ፦ አንተ ደግሞ ከየትኛው ወገን ነህ?

አራት ልጆች አሉኝ፦ ከሚከፍለው።

ሽሮ ሜዳ ያደገ፦ እስኪ ክርክሩን ትታችሁ አንድ ነገር ስሙ። ነሐሴ 15 ከፍላችሁ የእጅ ሥራ ይደርሰናል የምትሉ ካላችሁ፣ ለሠላሳ ሰው አይደርስም። ሥራው ለሦስት ለአራት ሸማኔ ይከፋፈላል፣ እያንዳንዱ ባገኘው ክር ይሠራል፣ አንዱ ቀይ አንዱ ደብዘዝ ያለ ቀይ ሆኖ ይመጣል። የግድ ካላችሁ ለሁሉም የሚበቃውን የጥለት ክር አንዴ፣ ካንድ ሱቅ ገዝታችሁ ለሸማኔዎቹ አከፋፍሉ። ሐምሌ ሳይገባ።

የሲልቨር ስፕሪንግ አክስት፦ ለዚህ ነው እኮ ሽፎን ያልነው!