የእናቴ ብሉ ባጅ ጁላይ ላይ ያልቃል፣ እሷ ደግሞ ያኔ አዲስ አበባ ናት። ከአሁኑ ማሳደስ ይቻላል?

ሳውዝ ለንደን፦

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። እንግሊዝ አገር ብሉ ባጅ (የአካል ጉዳተኞች የመኪና ማቆሚያ ፈቃድ) ያሳደሳችሁ ሰዎች ካላችሁ እባካችሁ አግዙኝ።

እናቴ 74 ዓመቷ ነው። ሁለቱም ጉልበቶቿ አልቀዋል፣ ስኳሩ ደግሞ የእግሯን ነርቭ ጎድቶታል፣ የምትረግጠው መሬት በደንብ አይሰማትም። የምትሄደው በዎከር ነው፤ እሱም ቢሆን ትንሽ እንደሄደች ቆማ ካላረፈች አትቀጥልም። መኪና አትነዳም። ሆስፒታልም፣ ቤተ ክርስቲያንም፣ ገበያም የማመላልሳት እኔ ነኝ። ባጁ ባይኖር እሷን በር ላይ አውርጄ መኪናውን ራቅ አድርጌ አቁሜ እስክመለስ ድረስ ብቻዋን መንገድ ዳር ትቆማለች ማለት ነው። እሱ ጭራሽ አይታሰብም፤ ባለፈው ዓመት እንደዚሁ ቆማ ወድቃለች።

ባጁ የሚያልቀው ጁላይ ላይ ነው። እሷ ግን ጁን መጀመሪያ ላይ ለእህቷ ልጅ ሰርግ አዲስ አበባ ትሄድና ኦገስት አጋማሽ ላይ ነው የምትመለሰው። ሳያልቅ ምን ያህል ቀደም ብዬ ማመልከት እችላለሁ? ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) ራሱ ደብዳቤ ይልካል ወይስ መከታተል ያለብኝ እኔ ነኝ? አንዲት ጎረቤታችን ደግሞ «አቴንዳንስ አላዋንስ (ለአረጋውያን የሚከፈለው የእንክብካቤ ድጎማ) ስለምታገኝ ምንም ጥያቄ የለውም፣ ዝም ብሎ ይታደስላታል» አለችኝ። እውነት ነው? ቢዘገይብንስ አሮጌውን እያሳየን መቆየት እንችላለን?

ፎርም አጋዥ፦

እህቴ፣ በዚህ ሳምንት ጀምሪ። እኔ በሰፈራችን ለአረጋውያን ፎርም በመሙላት አግዛለሁ፣ እና ብዙ ሰው የሚቸገረው ደብዳቤ ሲጠብቅ ነው። አንዳንዱ ካውንስል ማስታወሻ ይልካል፣ አንዳንዱ አይልክም። ቢልክም አድራሻ ተቀይሮ ወይም ኢሜይሉ ሳይታይ ሊቀር ይችላል። ባጁ ላይ ያለው ቀን ነው ማስታወሻው።

ባጁ ቢበዛ ለ3 ዓመት ነው የሚሰጠው። ሲያልቅ በራሱ አይታደስም፣ እንደገና ማመልከት ያስፈልጋል፣ ማስረጃም እንደገና ይጠየቃል። ምርመራ ካስፈለገ ውሳኔው 12 ሳምንትና ከዚያ በላይ ሊወስድ ስለሚችል እኔ ሁልጊዜ የምመክረው ከማለቁ 12 ሳምንት አስቀድሞ እንዲጀመር ነው። አንቺ ደግሞ እናትሽ ከመሄዳቸው በፊት ቀጠሮው ማለቅ አለበት። አዲስ አበባ ሆነው ለምርመራ ቢጠሩ የሚቀርብ ሰው የለም፣ ማመልከቻው ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ ስታመለክቺ የጉዞውን ቀን ለካውንስሉ በጽሑፍ ንገሪያቸው፣ ቀጠሮ ካለ ከጁን በፊት ይሁን ብለሽ ጠይቂ።

ማመልከቻው የሚገባው በመንግሥት ድረ ገጽ፣ በጎቭ ዩኬ ነው። ፖስት ኮዱን ስታስገቢ ወደ ራሳችሁ ካውንስል ይወስድሻል። ስለ እናትሽ ሆነሽ አንቺ መሙላት ትችያለሽ፣ ጥያቄው ላይ ለሌላ ሰው ነው የምትዪበት ቦታ አለ። የናሽናል ኢንሹራንስ ቁጥራቸውን፣ የአሁኑን ባጅ ቁጥርና የሚያልቅበትን ቀን፣ መታወቂያ (ፓስፖርት ይሆናል)፣ አድራሻ የሚያሳይ እንደ ካውንስል ታክስ ያለ ወረቀት፣ እና የቅርብ ጊዜ ፎቶ አዘጋጂ። ፎቶው ላይ ፊታቸው ሙሉ ለሙሉ ይታይ፣ ነጠላው ግንባርና ጉንጭ አይሸፍን። እንግሊዝ ውስጥ ክፍያው ከ10 ፓውንድ አይበልጥም። አደራ፣ ጉግል ላይ ከላይ ከላይ የሚወጡ፣ እኛ እናሳድስልሃለን ብለው ከዚያ በላይ የሚያስከፍሉ ገጾች አሉ፣ ካርድሽን እንዳትሰጫቸው።

ጎረቤትሽ ያለችሽ ግን ትክክል አይደለም። ያለ ተጨማሪ ምርመራ በቀጥታ የሚያልፉት ለምሳሌ በፒፕ (ለአካል ጉዳተኞች የሚከፈል ድጎማ) መንቀሳቀስ የሚለው ክፍል ላይ 8 ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኙ፣ የዲኤልኤ (ሌላው የአካል ጉዳተኞች ድጎማ) ከፍተኛውን የመንቀሳቀስ ክፍያ የሚያገኙ፣ ወይም ዓይነ ስውር ተብለው የተመዘገቡ ናቸው። አቴንዳንስ አላዋንስ የሚከፈለው ሰውየው እንክብካቤ ስለሚያስፈልገው ነው፣ መራመድን አይለካም። ስለዚህ ከጡረታ ዕድሜ በኋላ ያመለከቱ ብዙ እናቶቻችን በዚህ መንገድ በቀጥታ አያልፉም፣ መራመድ እንደሚቸግራቸው በማስረጃ ማሳየት ግድ ነው። የአቴንዳንስ አላዋንሱ ደብዳቤ ግን ይረዳል፣ አያይዢው።

ያለፈበት ባጅ አይሠራም። ማመልከቻው ገብቶ ውሳኔ እየተጠበቀ ቢሆንም እንኳ ቀኑ ካለፈ እንደሌለ ነው የሚቆጠረው።

የልጅ እናት፦

እኔም አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ማንም ቀድሞ አልነገረኝም። ባጁ 3 ዓመት የሚሞላው ሁልጊዜ አይደለም። ብቁ የሆናችሁት በሌላ ጥቅማ ጥቅም በኩል ከሆነ ባጁ ከዚያ ጥቅማ ጥቅም ጋር አብሮ ያልቃል። ልጄ ኦቲዝም አለበት፣ ባጁን ያገኘነው በዲኤልኤ ነበር። 16 ዓመት ሲሞላው ወደ ፒፕ መዛወር አለበት፣ ስለዚህ ሁለቱንም ቀን አንድ ላይ ነው መከታተል ያለባችሁ። በነገራችን ላይ ከኦገስት 30 ቀን 2019 ጀምሮ እንግሊዝ ውስጥ በዓይን የማይታይ ችግር ያለባቸውም ማመልከት ይችላሉ። መሄድ ይችላል እኮ፣ ምን ባጅ ያስፈልገዋል የሚሉ ወገኖቻችን አሉ። ልጅ መኪና መንገድ መሃል ዘሎ ሲገባ ያላየ ነው እንዲህ የሚለው።

ሳውዝ ለንደን፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ዛሬ ማታ እጀምራለሁ። የጂፒውን (የሰፈር ሐኪሟን) ወረቀትና የመድኃኒቶቿን ዝርዝር አስቀምጫለሁ።

ያሳሰበኝ ግን ምርመራው ነው። እማዬ ሐኪም ፊት ስትቀርብ ሌላ ሰው ነው የምትሆነው። ቤት ስትሆን ከአልጋ ለመነሳት ታቃስታለች፣ እዚያ ስትደርስ ግን «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» ብላ ታልፈዋለች። «ልታስተረጉሚልኝ ነው የመጣሽው ወይስ ልታማርሪልኝ?» ብላም ተቆጥታኛለች።

ቀድሞ ያለፈበት፦

ይቺን ነገር በአባቴ አውቃታለሁ። ለምርመራው ሲሄድ ሱፉን ለብሶ፣ ከዘራውን መኪና ውስጥ ትቶ፣ ጥርሱን ነክሶ ቀጥ ብሎ ገባ። መርማሪዋ ምን ያህል መሄድ ትችላለህ ስትለው «እንደ ፈቃዱ እሄዳለሁ፣ ምንም አይለኝም» አላት። ተከለከለ። እሷ ላይ መፍረድ አልችልም፣ የጻፈችው ያየችውንና የሰማችውን ነው። እንደገና ይታይልን ብለን በጽሑፍ ጠየቅን፣ ከሆስፒታሉ የልብ ክሊኒክ ደብዳቤ ጨመርን፣ ስንት ቦታ ቆሞ እንደሚያርፍ አንድ በአንድ ጻፍን። ከዚያ በኋላ ተሰጠው። ግን በመሃል ለወራት ያለ ባጅ ቆየ፣ ቤተ ክርስቲያንም ቀረ።

ስለዚህ ሳውዝ ለንደን፣ ከቀጠሮው በፊት ቤት ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ምስጋናው ለእግዚአብሔር ነው፣ ለመርማሪው የምትነግሪው ግን እውነቱን ነው በያት። ሕመምን መናገር ማማረር እንዳልሆነ፣ ቢጠየቁ እውነቱን መናገር እንዳለባቸው ረጋ ብለሽ አስረጂያት። አባቴን ያሳመነው ይሄ ነው፣ ሐሰት መናገር ስለማይወድ።

ፎርም አጋዥ፦

እውነቱን ነው። እኔ ከወረቀቱ ሁሉ የሚያሳስበኝ ይሄው ነው፤ የሚገባቸው ሰዎች ናቸው በትሕትናቸው የሚከለከሉት።

መርማሪው ብዙ ጊዜ ፊዚዮቴራፒስት ወይም ኦኪውፔሽናል ቴራፒስት ነው። ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚናገሩትን ብቻ አይደለም የሚያየው፣ ከመጠበቂያው ክፍል ተነስተው ሲመጡም ያያል። ስለዚህ እናትሽ ሁልጊዜ እንደሚሄዱት ይሂዱ፤ በዎከራቸው፣ በየቀኑ በሚያደርጉት ጫማ፣ ማረፍ ሲፈልጉ እያረፉ። ለቀጠሮ ብለው የሕመም ማስታገሻ ደርበው አይውሰዱ፣ እንደ ወትሮው ብቻ።

መመሪያው ላይ 80 ሜትር የሚል ልክ አለ። ከዚያ በላይ ያለ ብዙ ችግር የሚሄድ ሰው በመራመድ ምክንያት ብቁ አይባልም። ግን የሚታየው ርቀቱ ብቻ አይደለም። በስንት ደቂቃ ነው የሄዱት፣ ስንት ጊዜ ቆሙ፣ ትንፋሽ ያጥራቸዋል ወይ፣ ሕመሙ ከሄዱ በኋላ ምን ያህል ይቆያል፣ ሚዛናቸውን ይስታሉ ወይ፣ ወድቀው ያውቃሉ ወይ፣ ይሄ ሁሉ ይታያል። ፎርሙ ላይ «መሄድ ይከብዳታል» ብለሽ አትለፊው። ከቤታችሁ በር እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ያለውን ርቀት ስልክሽ ካርታ ላይ ለኪና በሜትር ጻፊው፣ የት የት እንደሚያርፉ ጻፊ፣ ያ የወደቁበትን ቀንም ጻፊ። ድንገተኛ ክፍል ሄደው ከነበረ የሰጧቸውን ወረቀት አያይዢ። የእግር ነርቩ ጉዳት በስኳር ክሊኒኩ ደብዳቤ ላይ ይኖራል፣ እሱ ከጂፒው አጭር ማስታወሻ ይበልጣል።

አስተርጓሚ ደግሞ ከካውንስሉ ጠይቂ፣ ቀጠሮው ሲያዝ አማርኛ ብለሽ አስመዝግቢ። አንቺ አብረሽ ግቢ ግን አታስተርጉሚ። እናት ልጇ እንዳታዝንባት ብላ የምትደብቀው ብዙ ነገር አለ፣ ለማታውቀው አስተርጓሚ ግን ትናገራለች። ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ።

ጉልበቱም ነርቩም የሚሻሻል ካልሆነ፣ ሁኔታቸው እንደማይለወጥ የሚገልጽ ነገር ሐኪማቸው እንዲጽፍ ጠይቂ። ካውንስሉ ይህን ከተቀበለ በሚቀጥለው ጊዜ ምርመራውን ሊተውላቸው ይችላል። ማመልከቱ ግን ያኔም አይቀርም።

ሾፌር ነኝ፦

እኔ ስለ መንገዱ ልናገር። አዲሱ ባጅ ሲመጣ ቁጥሩ ይቀየራል። ሴንትራል ለንደን የምትገቡ ከሆነና የኮንጀስችን ቻርጅ (መሃል ለንደን በመኪና ለመግባት የሚከፈለው) ቅናሹን አስመዝግባችሁ ከነበረ አዲሱን ባጅ ለቲኤፍኤል (ለለንደን ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት) ማሳወቅ አለባችሁ። ቅናሹ መቶ በመቶ ነው፣ መመዝገቢያው 10 ፓውንድ። ሰው ባጁን አሳድሶ ይሄን ይረሳና ቅጣት ይመጣበታል። ዩሌዝ (በካይ ጭስ ያለው መኪና የሚከፍለው) ግን ሌላ ነው፣ ባጅ አለኝ ተብሎ አይቀርም።

ቢጫ መስመር ላይ የመጣችሁበትን ሰዓት በባጁ ሰዓት ማሳያ አሳይታችሁ ቢበዛ ለ3 ሰዓታት መቆም ይቻላል፣ መጫንና ማውረድ የሚከለክል ምልክት ከሌለ። ዌስትሚንስተር፣ ኬንሲንግተንና ቼልሲ፣ ሲቲ ኦፍ ለንደን፣ እና የካምደን አንድ ክፍል ግን የራሳቸው ሕግ አላቸው፣ ቢጫው ላይ አይሠራም፣ ምልክቱን አንብቡ።

እና እህቴ፣ በክፉ አትይብኝና እናትሽ አዲስ አበባ ሳሉ ባጁን እንዳትጠቀሚበት፤ ጊዜው ባያልፍም። ባጁ የሳቸው እንጂ የመኪናው አይደለም። ሳቸው በሌሉበት፣ ለሳቸው ባልሆነ ጉዳይ የተጠቀመ ሰው እስከ 1,000 ፓውንድ ሊቀጣ ይችላል፣ ባጁንም ይወስዱታል። በየበዓሉ በእናት ባጅ ቆመው ሱቅ የሚገቡ ልጆች አያለሁ፣ ያን ጊዜ ዎከር ይዞ የመጣ ሽማግሌ ቦታ አጥቶ ሲዞር ይውላል። ይሄ ያናድደኛል።

ከመኪና ባጅ የሚሰርቁም አሉ፣ ሌሊት መኪና ውስጥ አትተዉት። አንዳንድ የለንደን ካውንስሎች በሰፈር ውስጥ ብቻ የሚሠራ፣ የመኪናው ታርጋ የተጻፈበት ሁለተኛ ባጅ ይሰጣሉ። ሌባ ሊሸጠው ስለማይችል ይሻላል። ስታሳድሺ አብረሽ ጠይቂ።

ኤዲንብራ፦

እዚህ ስኮትላንድ ክፍያው 20 ፓውንድ ነው፣ ዌልስ ደግሞ ነፃ። የቢጫ መስመሩ የ3 ሰዓት ገደብም እኛ ጋ የለም። ዘመድ ለመጠየቅ በእንግሊዝ ባጅ ስትመጡ ይሠራል፤ የአካባቢውን ምልክት ማየት ግን አይቀርም።

ሳውዝ ለንደን፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ወንድሜ ሾፌር፣ አትጨነቅ፣ ባጁ እሷ ከሌለች መሳቢያ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ማመልከቻውን አስገብቻለሁ፣ የጉዞዋን ቀንም ጽፌላቸዋለሁ፣ አስተርጓሚም ጠይቄያለሁ። አዲሱ እሷ ሳትኖር በፖስታ ቢመጣ ችግር አለው? አሮጌውንስ ምን ላድርገው?

ፎርም አጋዥ፦

በፖስታ ቢመጣ ችግር የለውም፣ ተቀብለሽ አስቀምጪ። ስማቸውና ቀኑ በትክክል መጻፉን ብቻ አይተሽ አረጋግጪ። አሮጌውን ለካውንስሉ መልሺ፣ እንዴት እንደሚመለስ እነሱን ጠይቂ። ከተከለከሉ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቂና እንደገና ይታይልን በዪ፣ የቀደመው ወንድም እንዳደረገው።

ሌላው፣ አቴንዳንስ አላዋንሱ ከአገር ሲወጡ የሚቀጥለው እስከ 13 ሳምንት ብቻ ነው። ከጁን መጀመሪያ እስከ ኦገስት አጋማሽ ከዚያ አይበልጥም፣ ግን ትኬቱ ወደፊት ከተገፋ ችግር ይመጣል። ስለዚህ ከመሄዳቸው በፊት ደውለሽ የሚወጡበትንና የሚመለሱበትን ቀን አሳውቂ።