የአሸዋ ማጣሪያ ባክዋሽ መደረግ ያለበት መቼ ነው?

የቢሾፍቱ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቢሾፍቱ በሚገኝ አነስተኛ ሆቴል የመዋኛ ገንዳውን የመከታተል ኃላፊነት በቅርቡ ተሰጥቶኛል። ማጣሪያው በአሸዋ የሚሠራ ሲሆን ባለ ስድስት አቅጣጫ ቫልቭ አለው። ከእኔ በፊት የነበረው ባልደረባ፣ ቆሸሸም አልቆሸሸም፣ በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋት ባክዋሽ ያደርግ ነበር፤ ማለትም ውሃውን በአሸዋው ውስጥ በተቃራኒ አቅጣጫ አስኪዶ ቆሻሻውን ወደ ፍሳሽ ያጥብ ነበር። ውሃ በቦቴ ተገዝቶ በሚመጣበት ወቅት ያን ያህል ውሃ ወደ ፍሳሽ መልቀቅ ያሳዝነኛል፤ እጥበቱን ባዘገየው ደግሞ ገንዳው እንዳይደፈርስ እሰጋለሁ። ትክክለኛውን ጊዜ በምን ማወቅ ይቻላል?

ጥገና ክፍል፦
ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። ጊዜውን የሚነግርዎት ሰኞ መሆኑ ሳይሆን ማጣሪያው ላይ የተገጠመው የግፊት መለኪያ ነው። አሸዋው በደንብ ታጥቦ ፓምፑ እንደገና ሲነሣ መርፌው የሚያርፍበትን ቁጥር በማይለቅ ቀለም ማጣሪያው ላይ ይጻፉት። ይህ ቁጥር እንደ ፓምፑ ጉልበትና እንደ ቧንቧው ርዝመት ስለሚለያይ የሌላ ሆቴል ቁጥር ለእርስዎ አይሠራም። ንጹሑ ግፊት ለምሳሌ 0.8 ባር ከሆነ፣ ከ0.5 እስከ 0.7 ባር ጨምሮ ወደ 1.3 ወይም 1.5 ሲደርስ ይጠቡት። መለኪያው በፒኤስአይ ከሆነ ጭማሪው ከ7 እስከ 10 ገደማ ነው።

ያለጊዜው ማጠብ ውሃ ከማባከኑም በላይ የማጣራት አቅሙን ይቀንሳል። አሸዋው ላይ የሚያርፈው ስስ የቆሻሻ ሽፋን በቅንጣቶቹ መካከል ያለውን ክፍተት ስለሚያጠበው፣ አዲስ የታጠበ አሸዋ የሚያሳልፈውን ደቃቅ ነገር ሳይቀር ይይዛል። ብዙ ሰው ግን ባጠበ ማግስት ውሃው ደብዘዝ ሲልበት እንደገና ያጥባል፤ ይህም ችግሩን ያባብሰዋል።

ፓምፑን ሳያጠፉ የቫልቩን እጀታ ፈጽሞ አያዙሩ፤ የውስጡ ጎማ ይበላሻል። እጥበቱ ሲጀመር በመመልከቻው መስታወት የሚታየው ውሃ ቡናማ ይሆናል፤ እስኪጠራ ድረስ ያቆዩት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ ፓምፑን አጥፍተው እጀታውን ወደ ማለቅለቂያው ያዙሩና ግማሽ ደቂቃ ያህል ያስኪዱት፤ ይህ ከተዘለለ በአሸዋው ውስጥ የቀረው ድፍርስ ተመልሶ ገንዳው ውስጥ ይገባል።

የሐዋሳ ነዋሪ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ፓምፑ ጠፍቶ እያለ መርፌው ወደ ዜሮ ካልተመለሰ መለኪያው ተበላሽቷልና ይቀይሩት። ግፊቱ ከንጹሑ ቁጥር በታች ከወረደ ደግሞ ጥፋቱ የአሸዋው አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ወደ ፓምፑ የሚገባው ውሃ ታግዷል ማለት ስለሆነ፣ የቅጠል መያዣውን ቅርጫትና የፓምፑን ወንፊት ከፍተው ያጽዱ። ግቢው ውስጥ ጃካራንዳ ካለ፣ አበባው በሚረግፍበት ሰሞን ቅርጫቱን በየቀኑ ማየት ያስፈልጋል።

የቢሾፍቱ ልጅ፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መለኪያውን አይቼዋለሁ፤ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ነገር ግን ከታጠበ በኋላም ግፊቱ ወደ ንጹሑ ቁጥር ሳይወርድ ቢቀር ምን ማድረግ ይገባል?

ጥገና ክፍል፦
እንደዚያ ከሆነ አሸዋው ራሱ ተጋግሮ ሊሆን ይችላል። የዋናተኞች የፀጉር ቅባትና የፀሐይ መከላከያ ክሬም፣ እንዲሁም በጉድጓድ ውሃ ውስጥ ያለው ካልሲየም አሸዋውን ያያይዙታል። ፓምፑን አጥፍተው፣ ግፊቱ ዜሮ መሆኑን አረጋግጠው ክዳኑን ይክፈቱና አሸዋውን በእጅዎ ይዝገኑት። በጣቶችዎ መካከል የሚፈስ ከሆነ ደህና ነው፤ እንደ ጓል ተያይዞ ከወጣ ግን ለማጣሪያ አሸዋ በተዘጋጀ ማጽጃ መዘፍዘፍ፣ ካልሆነም መቀየር አለበት። አሸዋ በአብዛኛው ከ5 እስከ 7 ዓመት ያገለግላል። ሲቀይሩ ርካሽ ነው ብለው የግንባታ አሸዋ እንዳይሞሉበት አደራ እላለሁ፤ ለገንዳ ማጣሪያ የሚውለው ከ0.4 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ታጥቦ የተነፋ የሲሊካ አሸዋ ነው።