የበረት አግዳሚ ከቋሚው ጋር በምን ይያያዝ?

ጠያቂ፦ ሰላም፣ ኮምቦልቻ ነኝ፣ በባህር ዛፍ በረት እየሰራሁ ነው ቋሚዎቹ ተተክለዋል፣ አናጢው አግዳሚውን ከጎን በሚስማር ልምታው ይላል፣ እኔ ደግሞ ከላይ ቆጥ ላይ ጭድ ስለምጭን ፈራሁ

ቡሎን፦ ኧረ በሚስማር ብቻማ እንዳትሞክረው! ክብደቱ በሙሉ ሚስማሩ ላይ ነው የሚያርፈው። የቋሚውን ጫፍ በመጋዝና በመሮ ደረጃ አውጣለትና አግዳሚው እንጨቱ ላይ ይቀመጥ፣ ከዛ በ12 ሚሊ ቡሎን እሰረው፣ ሮንዴላ (ከቡሎኑ ራስና ከዳዶው ስር የሚገባውን ክብ ብረት) አትርሳ። ደረጃው ግን የቋሚውን ውፍረት ከግማሽ በላይ እንዳይበላው

የደሴ ልጅ፦ እኛ ጋ ሽማግሌዎቹ ባላ ተክለው ያሳርፉታል፣ ምን ቡሎን አስፈለገ 😀

ጠያቂ፦ ወንድሜ ቋሚው ተተክሏል እኮ! እንጨቱ ትንሽ እርጥብ ነው፣ ችግር አለው?

ቡሎን፦ ሲደርቅ ስለሚኮማተር ቡሎኑ ይላላል፣ ቆይተህ አጥብቀው። በየማዕዘኑም ሰያፍ ድጋፍ ምታበት፣ አለዚያ ነፋስ ሲመጣ ወደ ጎን ያዘማል