ዋን ፒስን ለ12 ዓመት ልጅ ማስጀመር እንዴት ነው? ያያችሁ የድሬና የሐረር ልጆች እስቲ

የከዚራዋ፦
ሰላም ለሁላችሁም። የእህቴ ልጅ ክረምቱን እኛ ጋ ድሬ ነው ሚያሳልፈው፣ 12 ዓመቱ ነው፣ የሰፈር ልጆች ሁሉ ወሬያቸው ዋን ፒስ ሚባለው የጃፓን ካርቱን (አኒሜ) ስለሆነ እሱም አስጀምሪኝ እያለ ቀኑን ሙሉ ይነዘንዘኛል። እኔ አኒሜ ብዙም አላይም ነበር ግን የመጀመሪያዎቹን ኤፒሶዶች አብሬው ቁጭ ብዬ አየሁና ወደድኩት፣ ዋናው ልጅ ሉፊ ከበርሜል ውስጥ ብቅ ሲል ሁለታችንም በሳቅ ሞተናል። አሁን ግን ሦስት ነገር አስጨንቆኛል። ከ1000 ኤፒሶድ በላይ ነው አሉኝ፣ ትምህርት ሲከፈት ምን ሊውጠው ነው? ሁለተኛ እናቱ «የባህር ወንበዴ ጀግና የሆነበት ፊልም ልጄ አያይም» ብላለች፣ ለኔ ታሪኩ እንደዛ አልመሰለኝም ግን ገና ሩቅ ስላልሄድኩ ምን ብዬ እንደምመልስላት አላውቅም። ሦስተኛ ኔትፍሊክስ ላይ በካርቱን ሳይሆን በእውነተኛ ሰው የተሰራ አለ ይላሉ፣ ከሱ ቢጀምር ይሻላል ወይ? ከልባችሁ ንገሩኝ፣ መጨረሻ መጨረሻውን ግን እንዳታበላሹብኝ እኔም ማየቴ አይቀርም።

ደቻቱ ማዶ፦
አቦ አስጀምሪው እንጂ ምን ትጠብቂያለሽ! የእህትሽን ነገር ላስቀድም። እዛ ታሪክ ውስጥ ወንበዴ ሚለው ስም ብቻውን ስለ ሰውየው ምንም አይነግርሽም። ሉፊ መንደር ሲዘርፍ አታዪውም፣ ሚፈልገው ባህር ላይ ከማንም በላይ ነፃ መሆን ነው። ዘራፊው አርሎንግ ሚባለው ነው፣ የመንደሩን ሰው በነፍስ ወከፍ ያስከፍላል፣ ለአዋቂ 100 ሺህ ለልጅ 50 ሺህ ቤሪ (የነሱ ገንዘብ ነው)፣ መክፈል ያቃተው ይሞታል፣ ህግ አስከብራለሁ ሚለው የባህር ኃይል መኮንን ደሞ ከሱ ጉቦ እየበላ አይቶ እንዳላየ ያልፋል። የሉፊ መርከብ መንገድ መሪ ናሚ ማን እንደሆነች እዛ ጋ ነው ሚገባሽ፣ ከዚ በላይ አልናገርም። ከ31 እስከ 44 አካባቢ ያሉት ኤፒሶዶች ናቸው፣ እህትሽን አስቀምጠሽ አሳያት፣ እኔ እናቴን አሳይቻት አልቅሳለች ወላሂ።

ለኔ ግን የኛ አካባቢ ሰው ሳያየው መቅረት የሌለበት አላባስታ ሚባለው ክፍል ነው። በረሃ ሀገር ነው፣ ዝናብ ጠፍቷል፣ ህዝቡ ንጉሡ ዝናባችንን ሰረቀን ብሎ ሊነሳ ነው። ዳንስ ፓውደር ሚባል ዱቄት አለ፣ ጭሱ ደመና ላይ ሲደርስ እዛው ያዘንበዋል፣ ችግሩ ያ ደመና ነፋስ ወስዶት ጎረቤት ሀገር ሊዘንብ የነበረ መሆኑ ነው፣ ስለዚ አንዱ ሲጠግብ ሌላው ይደርቃል፣ ለዛ ነው የተከለከለው። ይሄን ለልጅ በፊልም አስረድቶ ማየት ቀላል ነገር ነው? እና ዩባ ሚባል ከተማ አለ፣ በአሸዋ ማዕበል ተቀብሮ ሰው ሁሉ ጥሎት ሲሄድ ቶቶ ሚባል ሽማግሌ ብቻውን ቀርቶ ይቆፍራል። ሌሊቱን ሙሉ ቆፍሮ እርጥብ አሸዋ ላይ ይደርስና ከዛች እርጥበት ያጣራትን ትንሽ ውሃ ለሉፊ ለስንቅ ይሰጠዋል። ያቺ ውሃ በኋላ ምን እንደምትሰራ ራስሽ እይው። ከድሬ ወጣ ስትይ ደረቅ ወንዝ ውስጥ አሸዋ ምሰው ጄሪካን ሚሞሉ ሰዎችን አይቼ ነው ያደግኩት፣ እና ያ ሽማግሌ አካፋውን ሲያነሳ እኔ ጃፓን የተሰራ ካርቱን እያየሁ አልመሰለኝም። ደራሲው ኤይቺሮ ኦዳ ስለኛ ምንም ሳያውቅ እንዴት እንደዛ አድርጎ እንደሳለው እስካሁን ይገርመኛል።

ሳቢያን ቲቸር፦
የደቻቱ ማዶን ሐሳብ ብዙውን እቀበላለሁ፣ በተለይ አርሎንግ ላይ ያለውን። ግን ለ12 ዓመት ልጅ ስለሆነ አንዳንድ ነገር እንነጋገር። መጀመሪያ ላይ ያለው ድብድብ ልጅ ሚችለው ነው፣ እየራቀ ሲሄድ ግን ሰው እንደ ዕቃ ሚሸጥበት ክፍል አለ፣ የምትወጃቸው ሰዎች ሚሞቱበት አለ፣ እዛ ሲደርስ ትልቅ ሰው አጠገቡ ቢኖር ጥሩ ነው ምክንያቱም ጥያቄ ያመጣል፣ ሚያመጣው ጥያቄም ጥሩ ጥያቄ ነው። ሌላው የሴቶቹ አሳሳል፣ በተለይ ከመሀል በኋላ አለባበሳቸው፣ እኔ ብዙ ጊዜ ያናድደኛል፣ እንደ ናሚ ያለ ጠንካራ ሰው ፈጥሮ እንደዛ ማድረግ ምን አስፈለገ? ይሄን ለእህትሽ ሳትደብቂ ንገሪያት።

አንድ ነገር ደሞ ተጠንቀቂ፣ ለልጅ ይመቻል ተብሎ የተቆራረጠውን እንዳታመጪለት። እንደ ፈረንጆቹ በ2004 አሜሪካ ውስጥ ለልጆች ብለው ሲያቀርቡት የመርከቡን አብሳይ የሳንጂን ሲጋራ አውጥተው ከረሜላ አስያዙት፣ እሱስ ይሁን፣ ግን ታሪኩንም ብዙ ቦታ ቆርጠውታል፣ ላቡን ሚባለው ዓሣ ነባሪ ያለበትን ክፍል ጭራሽ ዘለውታል። ያንን ዘልሎ ያየ ልጅ ከብዙ መቶ ኤፒሶድ በኋላ ሚመጣው ነገር እንዴት ይገባዋል?

ርዝመቱን በተመለከተ ማንጋው፣ በሥዕል ሚነበበው መጽሐፉ ማለቴ ነው፣ ይሻላል ባይ ነኝ። ማንጋው በፈረንጆች 1997 ነው የጀመረው አኒሜው 1999፣ አኒሜው ማንጋውን እንዳይቀድመው ሲሉ በኋላ ላይ አንዷን ምዕራፍ ጎትተው ጎትተው አንድ ኤፒሶድ ያደርጓታል፣ ፊት ለፊት ቆመው ሲተያዩ ብቻ ደቂቃ ያልፋል። ማንጋ ሲያነብ ግን በራሱ ፍጥነት ይሄዳል፣ እንግሊዝኛውም ይሻሻላል። ተማሪዎቼ መሀል ንባብ ሚጠላ የነበረ ልጅ በዚህ ነው ማንበብ የጀመረው።

ጅቡቲ መስመር፦
እኔ የድሬ ልጅ ነኝ፣ ባህር ዳር ማሪታይም አካዳሚ ተምሬ አሁን መርከብ ላይ ነው ምሰራው፣ ስለዚ ከባህሩ በኩል ያለውን ልናገር።

እውነተኛ ወንበዴ ሌላ ነገር ነው። ከ2008 እስከ 2011 ባሉት ዓመታት የኤደን ባህረ ሰላጤ በጣም ከፍቶ በነበረ ጊዜ መርከበኞች ለወራት ታግተዋል፣ እስካሁንም በዛ ስናልፍ የመርከቡን ዙሪያ እሾህ ሽቦ የምናለብስበት የውሃ ቱቦ ምንዘረጋበት ጊዜ አለ። ለእህትሽ ስጋት ክብር አለኝ፣ ልጁም ይሄን ቢያውቅ ደስ ይለኛል። ግን ዋን ፒስ የመርከብ ኑሮን ያውቃል። አንዱ አብሳይ፣ አንዱ ሐኪም፣ አንዷ መንገድ መሪ፣ ማንም ያለማንም አንድ ቀን አያድርም፣ ይሄ በትክክል የኛ ኑሮ ነው። ሳንጂ ምግብ ሲጣል ሚቆጣው ቁጣ፣ ባህር ላይ ሳምንታት የቆየ ሰው ይገባዋል።

ሎግ ፖዝ ሚሉት የእጅ ኮምፓስ ደሞ በጣም ደስ ይላል። ግራንድ ላይን ሚባለው ባህር ውስጥ ደሴቶቹ ራሳቸው ማግኔት ስለሆኑ ተራ ኮምፓስ አይሰራም፣ ስለዚ መርፌው ሚይዘው የሚቀጥለውን ደሴት ነው። ፈጠራ ነው ግን ስር አለው፣ በእውነተኛው ዓለምም የመርከቡ ብረት ራሱ የማግኔት ኮምፓስን ያሳስታል፣ እየለካን ማስተካከል አለብን፣ ትልልቅ መርከብ ላይ በማግኔት ማይሰራ ጃይሮ ኮምፓስ ዋናው የሆነውም ለዛ ነው። ለልጁ ኮምፓስ ገዝተሽ አጠገቡ ቢላዋ አድርጊበትና መርፌው ሲዞር አሳዪው፣ አይረሳውም።

እና ወሪያ የድሬ ልጆች፣ ባህር እኮ ከአዲስ አበባ ይልቅ ለኛ ይቀርባል፣ በድሮው ሀዲድ ጅቡቲ 300 ኪሎሜትር ምናምን ናት፣ የድሬ ልጅ መርከብ ቢመኝ ምንም አይገርምም።

ጀጎል ሻይ፦
እኔ ከሐረር ነኝ፣ ትንሽ ልቃወም። ተከታታዩን እወደዋለሁ ግን «አላባስታ፣ አላባስታ» ሲባል ይሰለቸኛል፣ ድብድቡ በጣም ይበዛል፣ እያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ተጋጣሚ ሊደርሰው ግድ ነው እንዴ? የመርከቡ ሐኪም ቾፐር ሚገባበት የበረዶ ደሴት፣ ከ78 እስከ 91 ያለው፣ አጭር ነው፣ ንፁህ ነው፣ ሐኪሞቹን ሁሉ ለራሱ ሰብስቦ ህዝቡን ያለ ህክምና ያስቀረ ንጉሥ አለበት፣ ልጅ ሆኖ ታሞ ሐኪም ያጣ ሰው ያንን ሲያይ ውስጡ ይገባል። የኔ ምርጫ እሱ ነው፣ ማንም አያስቀይረኝም።

ኔትፍሊክስ ላይ ያለውን በተመለከተ ለልጁ ሳይሆን ለእናቱ አሳዪያት። የመጀመሪያው ሲዝን 8 ኤፒሶድ ብቻ ነው፣ በ2023 ነው የወጣው፣ ደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን ነው የተቀረፀው፣ መርከቦቹን በእውነት ሰርተው ነው፣ በኮምፒውተር ብቻ አይደለም። አርሎንግ ጋ ያልቃል፣ ስለዚ ደቻቱ ማዶ ስለ አርሎንግ ያለውን በሁለት ቀን ውስጥ አይታ ትፈርዳለች። ሉፊ የሆነው የሜክሲኮ ልጅ ኢንያኪ ጎዶይ ሚናው ልክ ነው፣ ፈገግታው ራሱ ሉፊ ነው። ለልጁ ግን እሱን አታስቀድሚበት፣ ብዙ ነገር ያሳጥራል፣ ደም ደሞ ከአኒሜው ይልቅ እሱ ላይ ይከብዳል።

የከዚራዋ፦
ኡፍ እንዴት አመሰግናችኋለሁ። ለእህቴ ደወልኩላት፣ የአርሎንግን የሰው ግብር ስነግራት ዝም አለች፣ ከዛ «እሺ መጀመሪያ እኔ ልየው» አለች፣ ቅዳሜ ከሐረር ስትመጣ በሰው የተሰራውን አብረን እናያለን። ጅቡቲ መስመር ወንድሜ ኮምፓሱን ካፊራ እፈልጋለሁ። ቲቸር ያልከውን የሴቶቹን ነገር አልደብቃትም። አንድ የቀረኝ ነገር፣ ሰብታይትሉ እንግሊዝኛ ነው፣ ልጁ አንብቦ አይደርስበትም፣ ቲክቶክ ላይ በአማርኛ እያጠቃለሉ ሚተርኩትን ላሳየው ወይስ?

ደቻቱ ማዶ፦
አረ ማጠቃለያውን ተይው አቦ! ናሚን በሁለት ደቂቃ ተርከው ሲያልፏት ምን ቀረ? መጀመሪያ ሰሞን አንቺ አጠገቡ ሆነሽ እያቆምሽ አንብቢለት፣ በቀን ሁለት ኤፒሶድ ይበቃል፣ ክረምቱ ሳያልቅ አላባስታን ትጨርሳላችሁ፣ ትምህርት ሲከፈት እዛ ላይ አቁሙት። ፍላሽ ካለሽ ሰብታይትሉ ፊደሉ ተለቅ ያለውን እኔ ጭኜ እሰጥሻለሁ፣ ሰኞ ከሰዓት ለገሃሬ አካባቢ ነኝ።

ሳቢያን ቲቸር፦
በቀን ሁለት ሚለው ጥሩ ነው። ሁለተኛውን ግን እሱ ራሱ እያነበበ ለአንቺ ይተርጉምልሽ።