ጥንቸላችንን ምን እናጉርሳት?

የለገጣፎዋ፦
ሰላም ጥንቸል ያላችሁ። ልጆቼ አንዲት ነጭ ጥንቸል አለቻቸው፣ ፊዮሪ ይሏታል። ጎረቤቱ ሁሉ “አትታረድ፣ አትታለብ፣ ምን ትሠራላችኋለች?” ይለኛል። ይበል፣ እኔ ወድጃታለሁ። ጭንቀቴ ጉርሻው ነው። ትልቁ ልጄ ቆሎ ይሰጣታል፣ ትንሿ ሙዝና ብስኩት። እናቴ ስትመጣ ደግሞ ቡና ላይ ፈንዲሻ ታካፍላታለች። ካሮትማ በየቀኑ ነው። ሰሞኑን ሣሩን አሽትታ ትተወዋለች። ልጆቹን ጭራሽ ከልክዬ ማስለቀስ አልፈልግም። ምን ቢሰጧት ይሻላል?

የሱሉልታው፦
እህቴ፣ ከረሜላ የለመደ ልጅ ምሳ ይበላል? እሷም እንደዚያው ናት። ቆሎ፣ ፈንዲሻ፣ ብስኩትና ዳቦ ዛሬውኑ ይቁም። የጥንቸል ሆድ የተሠራው ለሣር ነው። እህልና ስኳር ሲበዛበት አንጀቷ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ይዛባሉ፣ ሆዷ በጋዝ ይነፋል። ማስመለስ ደግሞ አትችልም። የፊት ጥርሷም ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋል፣ በሳምንት 2 ሚሊ ሜትር ገደማ። የሚሞረድላት ድርቆሽ፣ ማለት የደረቀ ሣር፣ ስታኝክ ነው።

ጉርሻ ከፈለጋችሁ በሶብላ የመሰለ የለም። አንድ ቅርንጫፍ ያዙላትና እዩ፣ እጃችሁን ትከተላለች። የድንብላል ቅጠልም ጥሩ ነው፣ የጥብስ ቅጠል ትንሽ። ካሮት ስትገዢ ሻጯን “ቅጠሉን አትቁረጪብኝ” በያት፣ ለጥንቸል ቅጠሉ ከሥሩ ይበልጣል። ሥሩ ጣፋጭ ስለሆነ የጥፍር ታህል፣ በሳምንት አንዴ ሁለቴ ይበቃታል። ሙዝም እንደዚያው። ፖም ከሆነ ፍሬዎቹን አውጡ።

አቮካዶ ግን በጭራሽ! ቅጠሉም መርዝ ነው፣ ግቢያችሁ ዛፉ ካለ እንዳትደርስበት። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ቸኮሌትም አይሞከሩ።

የሰበታ ልጅ፦
እኔ ጎመን በየቀኑ እሰጣለሁ፣ ምንም አልሆኑብኝም። አታካብዱ።

የሱሉልታው፦
ወንድሜ፣ ጎመን ስጥ፣ ግን ከሌላ ቅጠል ጋር እያፈራረቅህ። ካልሲየሙ ብዙ ነው፣ ጥንቸል ደግሞ ትርፉን በሽንቷ ነው የምታስወጣው። ሽንታቸው ነጭና ወፍራም ሆኖ ካየኸው ቀንስ። አልፋልፋ የሚባለው የከብት መኖም ለግልገሎች ነው እንጂ ላደጉት አይሆንም።

የለገጣፎዋ፦
ተባረኩ። እናቴን ማን እንደሚነግራት እንጃ እንጂ ልጆቹስ በሶብላውን ወደውታል። ድርቆሹን ግን ከየት ላምጣ? እዚህ አንድ እስር ብገዛ ሳትጨርሰው ይበላሻል።

የሱሉልታው፦
ሰፈርሽ ላም የሚያረባ አይጠፋም፣ ከእሱ በጆንያ ግዢ። ሳር የሚታጨደው ጥቅምትና ኅዳር ላይ ነው፣ ያኔ ያልረጠበ፣ አረንጓዴው ያልጠፋ፣ ሲሸት ደስ የሚል ታገኛለሽ። ክረምት ላይ የሻገተ እንዳይሰጡሽ፣ እጅሽን መሃል ድረስ ከተሽ እይው። መሬት ላይ አታስቀምጪው፣ እንጨት ላይ ይሁን፣ አየር ይግባበት።

ሣሩን በአንዴ ካልበላች አትደንግጪ፣ ጣፋጩ ሲቀር ትመለስበታለች። ግን ግማሽ ቀን ሙሉ ምንም ሳትቀምስ ከዋለች፣ በጠጧም ከጠፋ፣ እስከ ነገ አትጠብቂ፣ ያኔውኑ ወደ እንስሳት ሐኪም።