እህቴ ከሳውዲ ከመጣች ወዲህ እንቅልፍ የላትም፤ ሼህ ጋ ወይስ ሐኪም ጋ?

የጦሳ ልጅ፣ ደሴ
ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ እህቴ ሪያድ ሰው ቤት ስድስት ዓመት ሠርታ ከመጣች አራት ወሯ ነው። ሌሊት አትተኛም። እናቴ በር ስትዘጋ ተነስታ ትከፍተዋለች፤ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ትገባለች። "ልቤን ይመታኛል፣ ሰውነቴን ያቃጥለኛል" ከማለት ሌላ አትናገርም። እናቴ ጅኒ ነው ብላ ሼህ ጋ ወሰደቻት፤ ቀለል ብሏት ነበር፣ ግን ተመለሰባት። እኔ ሆስፒታል ስል ደግሞ "ልጄን እብድ ልታስብላት ነው" ተባልኩ። ሰፈሩን ታውቁት የለ፣ እኛ ከቤት ሳንወጣ ወሬው ሸርፍ ተራ ይደርሳል። ምን ትሉኛላችሁ?

የቦርከና ነርስ፣ ኮምቦልቻ
አብሽር ወንድሜ። የምሠራው የአእምሮ ጤና ክፍል ነው። ከዓረብ አገር የተመለሱ ልጆች ሲመጡ "ጨነቀኝ" ብለው አይጀምሩም፤ ራሴን፣ ልቤን፣ ጨጓራዬን ነው የሚሉት፣ እና ብዙዎቹ ለወራት የጨጓራ ኪኒን ሲውጡ ከርመው ነው እኛ ጋ የሚደርሱት። እናትህን አትጋፋት። ዱዓውም ወዳጃውም (የጋራ ጸሎቱም) ይቀጥል። "እንቅልፍ እምቢ ስላላት እናሳያት" በላት፣ ውሸት አይደለም። ማሰር ወይ መግረፍ ከመጣ ግን እንቢ በል። የድብርት መድኃኒት ከታዘዘላትም በሦስት ቀን አይሠራም፣ ሳምንታት ይፈልጋል። መሞት እፈልጋለሁ ካለች የሰፈሩን ወሬ ተወውና የዚያኑ ቀን ውሰዳት።

ሐይቅ ዳር
እኛ የቤታችንን ታማሚ ጠበል ስንወስዳት ኪኒኑን አስቁመናት ባሰባት። ሁለቱም አብረው ይሄዱ ነበር ለካ።

ስደተኛው፣ ሜሪላንድ
የደሴ ልጅ ነኝ። እዚህ ስታመም "ዱካክ ይጫነኛል" የሚለውን በእንግሊዝኛ አጣሁትና ሌሊት ጋኔን ደረቴ ላይ ይቀመጣል አልኩ። የሐኪሙ ፊት ተለወጠ። አሜሪካ ውስጥ ጥቁር ሕመምተኛ ከነጭ ይልቅ ስኪዞፍሬንያ (ከባድ የአእምሮ ሕመም) አለበት ቶሎ እንደሚባል በጥናት የታወቀ ነገር ነው፣ እኔ ያኔ የት አውቄ! አስተርጓሚ ጠየቅኩ። ሁለተኛዋ ሐኪም "አንተ ይህን ምን ትለዋለህ? ቤተሰብህስ?" ብላ ጀመረች፤ ያኔ ነው አፌ የተፈታው። ለካ የአገሩ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲህ ያሉ 16 ጥያቄዎች አሉት። አንተም ከሐኪሙ በፊት እህትህን እንዲህ ብለህ ጠይቃት።

የጦሳ ልጅ፣ ደሴ
ትናንት ማታ ቡና ላይ፣ በረካው ሲቀዳ ጠየቅኳት። ዝም ብላ ቆየችና "ሲወጡ ከውጭ ይቆልፉብኝ ነበር" አለች። እናቴ ሲኒዋን አስቀምጣ ሄዳ በሩን ከፈተችው። ማክሰኞ ሦስታችንም እንሄዳለን።